ቡስት ብቻውን አይመሰክርም፦ ስለ ተርቦ ሃውዚንግ ለተጻፈው ምላሽ

ስለ ተርቦ ሃውዚንግ አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሰፊው ሲሰራጭ ሰንብቷል። ተርቦ የሞተሩ ጭስ ተርባይኑን፣ ተርባይኑም ኮምፕረሰሩን እያዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ የዚያ የተጨመቀ አየር ግፊት ቡስት ይባላል፣ ሃውዚንግ ደግሞ ዊሎቹን፣ ማለትም የሚሽከረከሩትን ባለክንፍ መንኮራኩሮች፣ የያዘው ቅርፊት ነው። ብዙ ሰው የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። አጭር ነው፣ ቋንቋው ይገባል፣ አንባቢውንም «ይህን ግዛ፣ ያንን ተው» ብሎ ከማመንታት ያወጣዋል። ነገር ግን ምክሩን አምኖ ሃውዚንግ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የባሰ ሞተር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ያስፈልገዋል።

ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የተርባይን ሃውዚንግ የሚመረጠው በኤ/አር ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል፣ ዝቅ ሲል ተርቦው ቶሎ ይነሳል፤ ቁጥሩም በየትኛውም ተርቦ ላይ ትርጉሙ አንድ ነው። ቡስቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ሞተሩ የሚያገኘው ጥቅም እኩል ነው፣ 1 ባር ያው 1 ባር ነው። ትዊን ስክሮል፣ ማለትም ጭሱ በሁለት ቦይ ተለይቶ የሚገባበት ሃውዚንግ፣ ከነጠላው ሁልጊዜ ይበልጣል። ቡስት ከተፈለገው በላይ እየሸሸ ካስቸገረ የቡስት መቆጣጠሪያ ይገጠማል። የኮምፕረሰር በኩል ያለው ሃውዚንግ ክዳን ነው፤ በመግቢያው ዙሪያ ክፍተት ያለው ዓይነት ግን ጉልበት ይጨምራል። ክንፎቹ የሚንቀሳቀሱ ተርቦ ለናፍጣ ብቻ ነው። መደምደሚያቸውም፦ የሚገኘውን ትልቁን ሃውዚንግ ግዙ፣ ቡስቱን ጨምሩ።

ከኤ/አር እንጀምር፤ የቀረው ስህተት አብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው።

ጽሑፉ ኤ/አርን «የሃውዚንጉ መጠን» ብሎ ያልፈዋል። ኤ/አር ግን መጠን ሳይሆን ጥምርታ ነው። እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘውን ቦይ በአንድ ቦታ ላይ ብትቆርጡት የተቆረጠው ክፍት ቦታ ስፋት ኤ ነው። ከዊሉ ዘንግ መካከል እስከዚያ ክፍት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አር ነው። ቦዩ ወደ ምላሱ፣ ማለትም ወደሚያልቅበት ጫፍ፣ ሲቃረብ ይጠባል፣ ርቀቱም አብሮ ያጥራል፤ ስለዚህ የትም ላይ ቢለካ ጥምርታው በግምት አንድ ይሆናል። በተለምዶ የሚሰጠው ቁጥር የተሰላው በኢንች ነው።

ይህ ጥምርታ ለምን ዋጋ አለው? በጥምዝ ውስጥ የሚዞር ጋዝ ወደ መካከል በቀረበ መጠን ይፈጥናል፤ ከግድግዳው ጋር ያለውን ፍትጊያ ካልቆጠርን፣ ፍጥነቱ በርቀቱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት አይለወጥም። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ ጋዙ ዊሉን ሲመታ ያለው የመዞር ፍጥነት ከኤ/አር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። በአንድ ዊል ላይ ሃውዚንጉን ከ0.63 ወደ 0.82 ብንቀይር፣ የጋዙ ፍሰትና እፍጋት ሳይለወጥ፣ ያ ፍጥነት በ23 ከመቶ ይቀንሳል። ተርቦው የሚዘገየው በዚህ ነው። በአንጻሩ ሰፊው ቦይ በላይኛው ዙር ብዙ ጋዝ በትንሽ ግፊት ያሳልፋል። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊው አቅጣጫ ትክክል ነው፣ በአንድ ዊል እስከተወሰነ ድረስ።

ቁጥሩ በሁሉም ተርቦ ላይ አንድ ነው ማለታቸው ግን አይሆንም። ከጋሬት ሁለት የታወቁ ተርቦዎች እንውሰድ። የጂቲ3076አር ተርባይን ዊል 60 ሚሊሜትር ነው፣ የጂቲ3582አር ደግሞ 68 ሚሊሜትር። ሁለቱም 0.63፣ 0.82 እና 1.06 ሃውዚንግ አላቸው። የዊሎቹ ስፋት በካሬ ሲነጻጸር ሁለተኛው በ28 ከመቶ ይበልጣል። ስለዚህ የሁለተኛው 0.63 ከመጀመሪያው 0.63 በግልጽ የበለጠ ጋዝ ያሳልፋል። ሚትሱቢሺና ሆልሴት ደግሞ ኤ/አር ሳይሆን የቦዩን ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ነው የሚጽፉት፤ ርቀቱ ካልታወቀ ያንን ቁጥር ወደ ኤ/አር መመለስ አይቻልም። ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ ተርቦዎችን የሚያነጻጽር ሰው ማየት ያለበት የአምራቹን የተርባይን ፍሰት ሥዕል ነው፣ በሃውዚንጉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አይደለም።

«ትልቁ ጉልበት ይሰጣል» የሚለውንም በቁጥር እንየው። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በደቂቃ በ6000 ዙር፣ ሲሊንደሩ 95 ከመቶ ይሞላል እንበል። በማስገቢያው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ 1 ባር ቡስት፣ ማለትም 2 ባር ፍጹም ግፊት፣ ሙቀቱም 45 ዲግሪ ይሁን። ሞተሩ በደቂቃ 12.5 ኪሎግራም ያህል አየር ይወስዳል። ነዳጁ ሲጨመርበት ወደ ተርባይኑ የሚደርሰው ጭስ 13.5 ኪሎግራም ገደማ ይሆናል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ አሁን ያለው ሃውዚንግ ይህን 13.5 ኪሎግራም በምን ያህል ግፊት ያሳልፋል? በምቾት ካሳለፈው ከዚያ በላይ ያለው ስፋት ሥራ የለውም። በ3000 ዙር ያው ሞተር የሚያወጣው ጭስ ግማሽ እንኳ ቢደርስ መልካም ነው፤ ቦዩ ሲሰፋ የሚጎዳውም ይህ ግማሽ ነው። ላይ ምንም ሳይጨመር ታች ይቀነሳል።

ሃውዚንግ ሲቀየር የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል፤ ጽሑፉ «ፈትቶ መግጠም ብቻ ነው» ብሎ ስላለፈው። የሃውዚንጉ ውስጠኛ ቅርጽ የተላገው ለአንድ ዊል ቅርጽ ነው፤ በዊሉ ክንፎችና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ጥቂት አስረኛ ነው። መግቢያው 60 ሚሊሜትር የሆነ ዊል መውጫው የተለየ ከሆነ ሃውዚንጉ አይስማማውም፤ ወይ ይነካል፣ ወይ ክፍተቱ ሰፍቶ ጋዙ ሳይሠራ ያመልጣል። አሮጌው ሲፈታ ብሎኖቹ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠጥተው ይደሩ፣ ሃውዚንጉም በጎማ መዶሻ ከዙሪያው እየተመታ ቀጥ ብሎ ይውጣ። ተጣሞ ከወጣ የዊሉ ክንፍ ጫፍ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ክንፍ ያለው ዊል ደግሞ ሚዛኑ ስለሚዛባ ኩሽኔታውን ይበላል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት መቀመጫው ከካርቦን ይጸዳ። ብሎኖቹ ሙቀት የሚችል ጸረ መጣበቅ ቅባት ተቀብተው በመስቀል ቅደም ተከተል በሁለት ሦስት ዙር ይጥበቁ። ከዚያ ዊሉን በጣት ወደ ጎን እየተጫኑ ማዞር ነው፤ ከነካ ይከፈታል፣ ሞተር አይነሳበትም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «1 ባር ያው 1 ባር ነው» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ትክክል ስለሚመስል ነው የሚጎዳው።

የቡስት ጌጁ የሚያነበው የማስገቢያውን ግፊት ብቻ ነው። ሞተሩ ግን በሁለት ግፊት መካከል ነው የሚተነፍሰው፤ ሌላኛው ከተርባይኑ በፊት በጭስ ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ነው። አንድ ዓይነት 1 ባር ቡስት የሚሰጡ ሁለት ሃውዚንጎች እንውሰድ። ጠባቡ በ6000 ዙር በጭስ ማኒፎልዱ ውስጥ 2.2 ባር ያስጠራቅማል፣ ሰፊው 1.2 ባር፤ ሁለቱም እንደ ቡስቱ ከከባቢ ግፊት በላይ የተለኩ ናቸው። ፒስተኑ ጭሱን ሲያስወጣ የሚገፋው ይህንን ግፊት ነው። የ1 ባሩ ልዩነት በ2.0 ሊትር ሞተር ላይ፣ በ6000 ዙር፣ 10 ኪሎዋት ያህል ነው፤ ወደ 13 የፈረስ ጉልበት መሆኑ ነው። ይህ ከክራንክ ሻፍቱ በቀጥታ የሚወሰድ ጉልበት ነው፣ የቡስት ጌጁ ግን በሁለቱም ሃውዚንግ 1 ባር ይላል።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጭስ አይወጣም። ግማሽ ሊትር የሆነ ሲሊንደር የመጭመቂያ ምጥጥኑ 9 ለ1 ከሆነ ከፒስተኑ በላይ 62.5 ሲሲ ክፍት ቦታ ይቀራል፣ በውስጡም ጭስ አለ። ያ ጭስ ከማስገቢያው ግፊት በላይ ከሆነ፣ ማስገቢያ ቫልቩ ሲከፈት ንጹሕ አየር ከመግባቱ በፊት የተጨመቀው ጭስ መስፋት አለበት። በጠባቡ ሃውዚንግ ጭሱ እስኪሰፋ 26 ሲሲ ገደማ የሲሊንደር ቦታ ይባክናል፣ ከ5 ከመቶ በላይ። በሰፊው ከ5 ሲሲ አይበልጥም። የቀረው ጭስ ደግሞ አዲሱን አየር ያሞቀዋል፤ በቤንዚን ሞተር ላይ የሞቀ ቅይጥ ቶሎ ኖክ ያደርጋል፣ ማለትም በራሱ ይፈነዳል። ኖክ እንዳያደርግ ታይሚንግ (ሻማው የሚተኩስበት ቅጽበት) ወደ ኋላ ይሳባል። ታይሚንግ ሲሳብ ደግሞ ጉልበቱ ይወርዳል፣ የጭሱ ሙቀት ይጨምራል። በ1 ባር ላይ በጠባብ ሃውዚንግ ታይሚንግ አልሸከም ያለ ሞተር፣ ሰፋ ባለው ላይ በዚያው 1 ባር ጥቂት ዲግሪ ሲጨመርለት የሚቀበለው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚቆዩበት ጊዜ በረዘመ ካምሻፍት (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ላይ ጉዳቱ ይጎላል፤ ጭሱ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል። ፋብሪካ የገጠመውና አብሮ የመከፈቻው ጊዜ አጭር የሆነ ካምሻፍት ላይ ግን ይህ መመለስ ትንሽ ነው፤ ጸሐፊው በልባቸው የያዙት እንዲህ ያለውን ሞተር ከሆነ አባባላቸው ከእውነት ብዙ አይርቅም። የፒስተኑ ኪሳራ ግን በዚያም ላይ አለ።

ተርባይኑ ግፊት ይፈልጋል፣ ይህ አያከራክርም። ከላይ ያለውን 12.5 ኪሎግራም አየር ከከባቢ ግፊት ወደ እጥፉ ለመጭመቅ፣ የኮምፕረሰሩ ብቃት 74 ከመቶ ሲሆን፣ 18 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ ከጭሱ ነው የሚወሰደው። ጥያቄው ይህ 18 ኪሎዋት የተገኘው በምን ያህል ግፊት ነው የሚል ነው። የታነቀ ሃውዚንግ ያንኑ ሥራ በውድ ይሠራዋል።

ወደ ትዊን ስክሮል እንለፍ። ጸሐፊው ዋናውን ነገር አውቀውታል፤ የሲሊንደሮቹን ጭስ በሁለት ቦይ ለይቶ ማድረስ የአንዱ ግፊት ሌላውን እንዳይረብሽ ያደርጋል። የሳቱት «ሁልጊዜ» በሚለው ቃል ነው። ጥቅሙ በሞተሩ የአቀጣጠል ክፍተት ላይ የተመሠረተ ነው።

የማስወጫ ቫልቭ በተለምዶ 240 የክራንክ ዲግሪ ገደማ ክፍት ይቆያል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላይ በየ180 ዲግሪው አንድ ሲሊንደር ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሲሊንደር 1 ጭሱን አስወጥቶ ሊጨርስ ሲል፣ ማስገቢያ ቫልቩም መከፈት ሲጀምር፣ የሲሊንደር 3 ማስወጫ ተከፍቶ በከፍተኛ ግፊት ይለቃል። የአቀጣጠል ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ስለሆነ 1ን ከ4፣ 2ን ከ3 ጋር ብናጣምር በአንድ ቦይ ውስጥ ክፍተቱ 360 ዲግሪ ይሆናል፣ ግጭቱም ይጠፋል። እዚህ ትዊን ስክሮል ዋጋውን ይከፍላል። በተከታታይ 6 ሲሊንደር ላይ የፊቶቹ ሦስቱ ለብቻ፣ የኋላዎቹ ሦስቱ ለብቻ ሲሆኑ ክፍተቱ 240 ይሆናል፤ ይህም ያዋጣል። ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር ግን ሲፈጠር ጀምሮ ክፍተቱ 240 ነው። የሚለየው ግጭት ከሞላ ጎደል ስለሌለ፣ መካከለኛው ግድግዳ የሚጨምረው ፍትጊያና የሙቀት ብክነት ብቻ ነው።

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የቢኤምደብሊውን ሞተሮች ነው። በ2006 የወጣው ኤን54 ሁለት ተርቦ ነበረው፤ በ2009 የተካው ኤን55 ደግሞ አንድ ትዊን ስክሮል። ሁለቱም በ306 ፈረስ ጉልበትና በ400 ኒውተን ሜትር ሲታወቁ፣ ኤን55 ጉልበቱን ቀድሞ በ1200 ዙር ላይ ያገኛል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በኤን54 ላይ እያንዳንዱ ተርቦ የሚመገበው ከሦስት ሲሊንደር ብቻ ነበር። ጭሱ ቀድሞውንም ተለይቶ ነበር ማለት ነው። ኤን55 ያንን መለያየት በአንድ ተርቦ ውስጥ ጠበቀው እንጂ ነጠላውን ከትዊኑ ጋር አላወዳደረም። በዚያ ላይ ኤን55 የማስገቢያ ቫልቩን አከፋፈት የሚለዋውጥ ቫልቭትሮኒክ ተጨምሮለታል። የሁለት ለውጥ ውጤት ለአንዱ ብቻ ሊሰጥ አይችልም።

በተግባር ትዊን ስክሮል የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ማኒፎልዱ ነው፦ ቱቦዎቹ ከፍላንጁ (ማኒፎልዱና ሃውዚንጉ ከሚጋጠሙበት ጠፍጣፋ ገጽ) በፊት ከተቀላቀሉ ግድግዳ ያለው ሃውዚንግ መግጠም ትርጉም የለውም። ሁለተኛው ጋስኬቱ፦ መካከሉ ክፍት የሆነ ጋስኬት በሁለቱ ቦዮች መካከል መንገድ ይተዋል፤ ማኒፎልዱና ሃውዚንጉ መካከለኛ ግድግዳቸው እኩል መግጠሙን በቀጥተኛ ማስመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛውና በብዛት የሚዘነጋው ዌስትጌቱ፣ ማለትም ትርፍ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚከፈተው ቫልቭ፣ ነው። ሁለቱን ቦዮች በአንድ ቱቦ አገናኝቶ ወደ አንድ ውጫዊ ዌስትጌት መውሰድ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለም ግፊቱን ያቀላቅለዋል። ወይ ሁለት ዌስትጌት ይሁን፣ ወይ መለያው እስከ ቫልቩ መቀመጫ ድረስ ይዝለቅ።

ሌላም ዝርዝር አለ። በተለመደው ትዊን ስክሮል ሁለቱ ቦዮች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዱ ዊሉን በሙሉ ዙሪያው ይመግባል፤ የአንዱ ቦይ ጋዝ ሲመጣ የዊሉ ወርድ ግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ብቃቱም በዚያ ቅጽበት ይቀንሳል። ሌላው አሠራር ሁለቱ ቦዮች የዊሉን ዙሪያ ለሁለት የሚካፈሉበት ነው። ቦርግዋርነር ለ2019ኙ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ባለ 2.7 ሊትር 4 ሲሊንደር ሞተር ያቀረበው ይህን ዓይነት ነው። በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ቅርጾች ናቸው፤ ጽሑፉ አንድ አድርጓቸዋል።

አራተኛው፣ ቡስት ሲሸሽ መቆጣጠሪያ ይገጠም የሚለው፣ በቀጥታ ሞተር የሚያበላሽ ምክር ነው። ሁለት ነገር ተደባልቋል። ቡስት ሲነሳ ለቅጽበት ከተወሰነው አልፎ ተመልሶ ከወረደ፣ ዌስትጌቱን የሚከፍተው የአክቹዌተሩ ምላሽ ዘገምተኛ ነው፤ ጥሩ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይህን ያስተካክላል፣ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ቡስቱ ከተወሰነው ደርሶ ዙር በጨመረ ቁጥር ቀስ እያለ መውጣቱን ከቀጠለ ግን ችግሩ የሃውዚንጉ የዌስትጌት ቀዳዳ ነው። ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ ቀዳዳው ግን የተረፈውን ጭስ ማሳለፍ አልቻለም። መቆጣጠሪያ የሚሠራው አክቹዌተሩ የሚያየውን ግፊት በመቀነስ ነው፤ ቡስትን ከአክቹዌተሩ ሞላ (ስፕሪንግ) ጉልበት በላይ ሊያደርገው ይችላል እንጂ በታች ሊያደርገው አይችልም። ሙሉ የተከፈተን ቀዳዳ ከዚህ በላይ የሚከፍት መቆጣጠሪያ የለም።

መለያው ቀላል ነው። መቆጣጠሪያውን አውጥታችሁ የአክቹዌተሩን ቱቦ በቀጥታ ከኮምፕረሰሩ መውጫ ጋር አገናኙት። ቡስቱ በ4000 ዙር 0.7 ባር ላይ ቆሞ በ6500 ወደ 1.1 ከወጣ ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። ጠባብ ሃውዚንግ ችግሩን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም በዌስትጌቱ በኩል መለቀቅ ያለበት ጭስ ይበዛል። ከተርባይኑ በኋላ ያለውን የጭስ ቱቦ ማስፋትም ያባብሰዋል፤ ቀዝቃዛ አየርም እንዲሁ።

መፍትሔው ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ከ28 ወደ 32 ሚሊሜትር ማሳደግ ስፋቱን በ31 ከመቶ ይጨምራል። ሲሰፋ ግን ሦስት ነገር መታየት አለበት። ግድግዳው ወደ ቦዩ ምላስ በኩል እንዳይሳሳ፣ እዚያ ነው ስንጥቅ የሚጀምረው። መዝጊያው ከቀዳዳው በዙሪያው እንዲተርፍና መቀመጫው ጠፍጣፋ እንዲሆን፣ አለዚያ ታች ያለው ቡስት ይፈስሳል። የጭሱ ግፊት የሚያርፍበት ቦታ በ31 ከመቶ ስለሚሰፋ መዝጊያው በዚያው ሞላ ቀድሞ እንደሚከፈት ማወቅም ያስፈልጋል፤ ጠንከር ያለ አክቹዌተር ሊፈለግ ይችላል። ከዚህ በኋላም ካልበቃ ውጫዊ ዌስትጌት ነው፣ መነሻ ቱቦውም ከጭሱ ፍሰት ጋር አብሮ የሚሄድ ይሁን። ፍሰቱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ ቱቦ ላይ የተገጠመ ትልቅ ዌስትጌት ከትንሹ አይሻልም።

የኮምፕረሰሩን በኩል በአጭሩ ልመልስ። በዚህ ወገን ኤ/አር የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። «ክዳን» ማለት ግን አይቻልም፤ ከዊሉ በፍጥነት የወጣው አየር ፍጥነቱ ወደ ግፊት የሚለወጠው በሃውዚንጉ ውስጥ በዊሉ ዙሪያ ባለው ጠባብ ክፍተት ነው። በመግቢያው ዙሪያ ክፍተት ያለው ሃውዚንግ ደግሞ ጉልበት መጨመሪያ አይደለም። ሥራው አየሩ ሲያንስ የተወሰነውን ወደ መግቢያው እየመለሰ ኮምፕረሰሩ ወደ ሰርጅ (አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ወደሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ) የሚገባበትን ወሰን ማራቅ ነው። ዋጋውም ትንሽ የብቃት ቅናሽና የድምፅ መጨመር ነው። የቀድሞው ሞተር በ2500 ዙር 1 ባር ቢያገኝ የሚወስደው አየር 5.2 ኪሎግራም በደቂቃ ገደማ ነው። የኮምፕረሰሩ የሰርጅ ወሰን በዚያ ግፊት 6 ኪሎግራም ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ የግፊት ኩሽኔታውም ይጎዳል። ክፍተት ያለው ሃውዚንግ እዚህ ላይ ያድናል። ሰርጅ የሌለው ተርቦ ላይ ከተገጠመ ግን ምንም አይሰጥም። ጠባብ የተርባይን ሃውዚንግ ከትልቅ ኮምፕረሰር ጋር የሚያጣምር ሰው ይህን ስሌት ቀድሞ ቢሠራ ይሻላል፣ ቡስቱ አየር ሳይኖር ቀድሞ ስለሚመጣ።

ተንቀሳቃሽ ክንፍ ያለው ተርቦ ለናፍጣ ብቻ ነው ለሚለው፣ የፖርሽ 911 ተርቦ 997 ከ2006 ጀምሮ በቤንዚን ሞተር ላይ የቦርግዋርነርን እንዲህ ያለ ተርቦ ተሸክሞ ወጥቷል። የቤንዚን ጭስ እስከ 1000 ዲግሪ ስለሚደርስ ውድ ቅይጥ ብረት ይጠይቃል፣ ጸሐፊው በዚህ አልተሳሳቱም። በናፍጣም ላይ ቢሆን ክንፎቹ በጥላሸት ተጣብቀው እንደሚቀሩ ማወቅ ይገባል፤ ዝግ እንዳሉ ከተጣበቁ ቡስቱ ይበዛል፣ ክፍት እንዳሉ ከተጣበቁ ታች ጉልበት ይጠፋል።

የመጨረሻ ምክራቸው፣ ትልቁን ግዙና ቡስቱን ጨምሩ የሚለው፣ መልስ የሚያገኘው በልኬት ነው። በጭስ ማኒፎልዱ ላይ ከተርባይኑ ፍላንጅ በፊት ቀዳዳ ይበጅ፣ 6 ሚሊሜትር የብረት ቱቦም ይታሰር። ቱቦው ግማሽ ሜትር ያህል ተጠምዝዞ ሙቀቱን ከለቀቀ በኋላ ወደ ላስቲክ ቱቦና እስከ 4 ባር ወደሚያነብ ጌጅ ወይም ሴንሰር ይሂድ። ቱቦው ካጠረ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከጠበበ በካርቦን ይደፈናል፣ ንባቡም ይዘገያል። በከፍተኛ ማርሽ ከ2000 ዙር ጀምሮ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ተረግጦ፣ ዙሩ፣ ቡስቱና የጭሱ ግፊት አብረው ይመዝገቡ። በላይኛው ዙር የጭሱ ግፊት ከቡስቱ 2 እጥፍ ካለፈ ሃውዚንጉ ጠቧል፣ አንድ ደረጃ ይውጣ። ከ1 እስከ 1.5 እጥፍ ባለው መካከል ከሆነ አይነካ፤ ትልቅ ሃውዚንግ እዚህ ላይ የሚያመጣው መዘግየት ብቻ ነው። ከ1.5 እስከ 2 ባለው መካከል የሚወስነው ካምሻፍቱና ሞተሩ የሚውልበት ሥራ ነው። ግፊቶቹ ከሞላ ጎደል እኩል ሆነው ሙሉ ቡስት ከ4000 ዙር በኋላ ከመጣ፣ ለዕለት ተዕለት መንዳት የሚፈለገው ከአሁኑ ያነሰ ሃውዚንግ ነው።